የካታሎጉ ነጋዴ ሁለተኛ ሥራ

ዛሬ ስልካችሁን ትከፍታላችሁ፣ ጫማ ትመርጣላችሁ፣ ቁጥራችሁን ትጽፋላችሁ፣ ሞተረኛው በር ድረስ ያመጣላችኋል። ካልሆናችሁ ትመልሳላችሁ፤ ሻጩ እሺ ካለ ማለቴ ነው። ይሄ ነገር በቴሌግራም የተጀመረ የሚመስለው ካለ ልንገረው፦ አሜሪካ ውስጥ ከመቶ ሃያ ዓመት በፊት የገጠሩ ሰው እንዲህ ነበር የሚገበያየው። ልዩነቱ በስልኩ ቦታ አንድ ወፍራም መጽሐፍ መኖሩ ነው። ካታሎግ ይሉታል። ከሰዓት እስከ ስፌት መኪና፣ ከማረሻ እስከ ሙሉ የቤት መሥሪያ እንጨት ድረስ ከነሥዕሉና ከነዋጋው ተዘርዝሮበታል። ገበሬው መርጦ ትእዛዙን በፖስታ ይልካል፣ ዕቃው በባቡር ይመጣለታል። ካታሎጉን የሚያሳትመው ቺካጎ የሚገኘው ሲርስ ሮቡክ የተባለ ድርጅት ነበር። እኔ የማወራላችሁ ግን ስለ ካታሎጉ ሳይሆን ድርጅቱን ግዙፍ ስላደረገው ሰውዬ ነው። ይልቁንም ስለ ሁለተኛ ሥራው። ጁሊየስ ሮዘንዋልድ ይባላል።

እንዳስታውሰው ያደረገችኝ አንዲት ባንክ ውስጥ የምትሠራ ወጣት ናት። የአንድ በጎ አድራጎት ድርጅት የቦርድ አባል ሁኚ ተብላ ነበር። ሥራው ምንድነው ብላ ብትጠይቅ፣ በዓመት ጥቂት ጊዜ ተሰብስቦ ፊርማ ማኖር ነው አሏት። እሷን ያስጨነቃት ይኸው መልስ ነው። ቀኑን ሙሉ የሌላ ሰው ድርጅት ሲያገለግል የሚውል ሰው ለድሆች የተሰጠ አደራ ሊይዝ ይችላል ወይ? ወይስ ስሙንና ክራቫቱን ማዋስ ነው? ምክር ከምሰጣት የሰውዬውን ታሪክ ብነግራት ይሻላል ብዬ አሰብኩ። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ሮዘንዋልድ በ1862 ኢሊኖይ ግዛት፣ ስፕሪንግፊልድ ከተማ ተወለደ። ሊንከን ፕሬዚዳንት ከመሆኑ በፊት የኖረባት ከተማ ናት፤ ልጁ ያደገውም ከሊንከን የድሮ ቤት አጠገብ ነው። አባቱ ከጀርመን የመጣ አይሁዳዊ ስደተኛ ሲሆን አሜሪካን የጀመራት በሱቅ በደረቴ ነበር። ዕቃ ተሸክሞ ከቤት ቤት እየዞረ ሸጠ፣ ቆይቶ የልብስ መደብር ያዘ። ልጁም ሁለተኛ ደረጃን ሳይጨርስ በ16 ዓመቱ ኒው ዮርክ ወደሚገኙት የልብስ ነጋዴ አጎቶቹ ተላከ። ከዚያ በኋላ የተማሪ ወንበር ላይ አልተቀመጠም። ይህን ያዙልኝ። በኋላ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ባለአደራ ይሆናልና።

ኒው ዮርክ ላይ የራሱን ሱቅ ሞከረ፣ ብዙም አልሆነለትም፤ በ1885 ወደ ቺካጎ ተዛወረና የወንዶች ልብስ ማምረት ጀመረ። ከደንበኞቹ አንዱ ሪቻርድ ሲርስ ነበር። ሲርስ ደግሞ ሌላ ዓይነት ሰው ነው፤ የባቡር ጣቢያ ሠራተኛ ሳለ ሰዓት መሸጥ ጀምሮ በማስታወቂያ ጽሑፍ የከበረ። ብዕሩ አፍ ያስከፍታል። ችግሩ፣ ማስታወቂያው ከዕቃው ይበልጣል። የሌለውን ዕቃ ይሸጥና ትእዛዙ ከጎረፈ በኋላ ነው የሚያመርትለት የሚፈልገው። (እንዲህ ዓይነት ሻጭ ዛሬም የምታውቁ ይመስለኛል።) በ1895 ሲርስ ገንዘብ አጠረው። ሮዘንዋልድና የሚስቱ ወንድም አሮን ኑስባውም የድርጅቱን ግማሽ በ75,000 ዶላር ገዙ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ቶሎ ልለፈው፤ የንግድ ትምህርት ቤቶች ብዙ ጽፈውበታል። ሮዘንዋልድ ያመጣው ነገር ሥርዓት ነው። የተጻፈውና የሚላከው ዕቃ አንድ መሆን አለበት አለ፤ ዕቃ የሚፈተሽበት ላቦራቶሪ ተቋቋመ፤ ያልረካ ደንበኛ ገንዘቡ ይመለስለታል የሚለው ቃል የምር ሆነ። በ1906 ቺካጎ ምዕራብ በ40 ኤከር ላይ ያረፈ ግዙፍ የመጋዘንና የቢሮ ግቢ ተከፈተ። እያንዳንዱ ክፍል ዕቃውን ወደ ማሸጊያው የሚያደርስበት የ15 ደቂቃ ሰዓት ተቆርጦለት ነበር። ሽያጩ ሮዘንዋልድ ሲገባ ከ1 ሚሊዮን ዶላር በታች የነበረው በ12 ዓመት ውስጥ ወደ 50 ሚሊዮን ገደማ ተመነጠቀ። በ1906 አክሲዮኑ ለሕዝብ ተሸጠ፤ ሮዘንዋልድ በአንድ ጊዜ ሚሊየነር ሆነ። በ1908 ሲርስ ራሱ ለቅቆ ሄደና ሮዘንዋልድ የድርጅቱ ፕሬዚዳንት ሆነ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ሥራ።

በ1910 ገደማ አንድ ወዳጁ ሁለት መጻሕፍት እንዲያነብ ሰጠው። አንዱ ቡከር ቲ. ዋሽንግተን የራሱን ሕይወት የጻፈበት ነው፤ በባርነት ተወልዶ፣ በ1881 አላባማ ውስጥ ተስኬጊ የተባለውን የጥቁሮች ማሠልጠኛ ያቆመው ሰው። ሁለተኛው ዊልያም ባልድዊን ስለሚባል ነጭ የባቡር ድርጅት ኃላፊ የሚተርክ ነው። ይህ ባልድዊን የባቡር መሥመር እያስተዳደረ የተስኬጊ ባለአደራ ሆኖ ያገለገለ ሰው ነበር። በእኔ ግምት ሮዘንዋልድን የያዘው ይኼኛው መጽሐፍ ነው። የዋሽንግተን ታሪክ ያስደንቃል፤ ነገር ግን አንድ የቺካጎ ነጋዴ ከባርነት ተነሥቶ ትምህርት ቤት ሊያቆም አይችልም። እንደ ባልድዊን መሆን ግን ይችላል። አርአያ የሚባለው ነገር እንዲህ ነው የሚሠራው፤ በጣም ሩቅ ከሆነ ታደንቃለህ፣ ቅርብ ከሆነ ግን ለአንተም ሥራ አለ ማለት ነው።

በ1911 ጸደይ ላይ ሁለቱ ሰዎች ቺካጎ ተገናኙ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ሮዘንዋልድ ባቡር ተሳፍሮ ተስኬጊ ሄደ። ቤተሰቡንና ራቢውን ይዞ ነው የሄደው። ተማሪዎቹ ጡብ ሲያቃጥሉ፣ በራሳቸው ጡብ ሕንፃ ሲሠሩ፣ ከብት ሲያረቡ፣ ሲሰፉ አየ። በ1912 የባለአደራዎቹን ቦርድ ተቀላቀለ፤ እስኪሞት ድረስም አልወጣም። ሃያ ዓመት ማለት ነው።

እዚህ ላይ ቃሏን ልብ በሉልኝ፦ ባለአደራ። በእንግሊዝኛው ትረስቲ የሚባለው የሕግ ቃል ነው፤ የእኛው ግን ከበድ ይላል። አደራ የተቀበለ ሰው ገንዘቡ የእሱ እንዳልሆነ ያውቃል፣ ባለቤቱ ባይጠይቀው እንኳ መልስ መስጠት እንዳለበት ያውቃል። ሞቶ እንኳ አደራ በላ ይባላልና።

ሮዘንዋልድ በቦርዱ ውስጥ ምን ይሠራ ነበር? አንደኛ፣ ሰው ያመጣ ነበር። ባቡር እየተከራየ የቺካጎ ሀብታሞችን ተስኬጊ ድረስ ወስዶ በዓይናቸው ያሳያቸዋል፤ ያዩት ይሰጣሉ። ከሲርስ መጋዘን ጫማና ባርኔጣ ለተማሪዎቹ ይላክ ነበር። ከዋሽንግተን ጋር የተጻጻፈው ደብዳቤም ስለ ትልልቅ ሐሳቦች ብቻ አይደለም፤ ስለ ሳንቃና ስለ ምስማርም ነው።

የሳንቃው ነገር ቆም ብዬ ላወራበት የምፈልገው ነው። በ1912 ሮዘንዋልድ 50 ዓመት ሞላው። ልደቱን ያከበረው ወደ 700,000 ዶላር የሚጠጋ በማደል ሲሆን ከዚህ ውስጥ 25,000 ለተስኬጊና ከእሱ ለወጡ ትምህርት ቤቶች ነበር። ዋሽንግተን ከዚያ ላይ የተረፈ 2,800 ዶላር ገደማ አለ፣ አላባማ ገጠር ውስጥ ስድስት ትንንሽ ትምህርት ቤቶች ብንሠራበትስ ብሎ ጠየቀ። በዚያን ጊዜ የደቡብ ጥቁር ሕፃናት በቤተ ክርስቲያን ጓዳና በሚያፈስ ጎጆ ውስጥ ነበር የሚማሩት፤ ያውም በዓመት ጥቂት ወራት። ከግብራቸው የተሰበሰበው ገንዘብ የነጮቹን ትምህርት ቤት ይሠራ ነበር። ሮዘንዋልድ ሐሳቡን ወደደው። ወደደውና ምን አለ? የሕንፃውን ዕቃ ሲርስ በቅናሽ ቢያቀርበውስ?

አስቡት እንግዲህ። ሲርስ ተገጣጣሚ ቤት የሚሸጥ ድርጅት ነው። ፕሬዚዳንቱ የተስኬጊ ባለአደራ ነው። ዋጋው በርግጥም ሊቀንስ ይችላል። ግን በአንድ እጅህ የሰጠኸውን ገንዘብ በሌላ እጅህ በሽያጭ ስትቀበለው ምን ይባላል? ዛሬ የጥቅም ግጭት እንለዋለን፤ ስንት ቦርድ የፈረሰበት ነገር ነው። ሰውዬው በክፋት ያመጣው ሐሳብ አይመስለኝም፤ ነጋዴ ሲያስብ መጀመሪያ የሚታየው መጋዘኑ ነው። ተስኬጊዎች ግን በትሕትና ወደ ሌላ መንገድ መሩት። ሳንቃው ከአካባቢው መጋዣ ይገዛ፣ ግንበኛው የአካባቢው ሰው ይሁን፣ ወላጆች በጉልበታቸው ይግቡበት፤ የራሳቸው የሆነ ትምህርት ቤት ይኖራቸዋል፣ በዙሪያው ያሉ ነጮችም ገበያ ስላገኙ አይቆጡም አሉ። ሮዘንዋልድ እሺ አለ። ለእኔ ከሁሉ የሚበልጥብኝ ይህቺ እሺ ናት። በሺህ የሚቆጠር ሠራተኛ የሚያዝ ሰው፣ ቦታውን ከሚያውቁት ሰዎች ተማረ።

የመጀመሪያው ትምህርት ቤት በ1913 ሎቻፖካ በምትባል የአላባማ መንደር ተሠራ። ሒሳቡ ይኸው፦ ጠቅላላ ወጪ 942 ዶላር ከ50 ሳንቲም። የመንደሩ ጥቁሮች መሬቱን በ132 ዶላር ከ50 ሳንቲም ገዙ፤ 150 ዶላር የሚያወጣ ጉልበት ሰጡ። በአካባቢው ያሉ ነጮች 360 አዋጡ። ሮዘንዋልድ የጨመረው 300 ዶላር ነው። ከሲሶ በታች መሆኑን አያችሁ? ሰውዬው ሙሉውን በኪስ ገንዘቡ ሊሸፍነው ይችል ነበር፤ አልሸፈነውም።

ይህ ዘዴው ነበር። ቀደም ሲልም ለጥቁሮች የወጣቶች ክርስቲያናዊ ማኅበር ሕንፃ 75,000 ዶላር ላሰባሰበ ከተማ ሁሉ 25,000 እጨምራለሁ ብሎ ነበር፤ ከሃያ በላይ ከተሞች ተነሡ። አይሁዳዊ ሰው ለክርስቲያን ማኅበር፣ ያውም ለጥቁሮቹ! ብዙ ሰው ግራ ገባው። ለትምህርት ቤቶቹም ያው ነው፦ እናንተ ካዋጣችሁ፣ የአካባቢው አስተዳደርም ድርሻውን ከጣለና ትምህርት ቤቱን የራሴ ብሎ ከተረከበ፣ እኔ እጨምራለሁ። ዓላማው ለጥቁር ሕፃናት ገንዘብ የማያወጡትን የደቡብ ባለሥልጣናት እጃቸውን ማስገባት ነበር።

ታዲያ ገንዘቡ ከየት መጣ? ዕድር፣ ዕቁብ፣ የሰንበቴ ማኅበር የሚያውቅ ሰው ይህን ታሪክ ለማየት አይቸግረውም። ገበሬዎቹ ከማሳቸው አንድ ጥግ ለትምህርት ቤቱ ብለው ጥጥ ይዘሩ ነበር፤ የሮዘንዋልድ መደብ ይሉታል። ሴቶች ምግብ እያዘጋጁ በጨረታ ይሸጡ ነበር። እንጨት ያለው እንጨት፣ በቅሎ ያለው በቅሎ ያመጣል። አላባማ ውስጥ በአንድ የመዋጮ ስብሰባ ላይ በባርነት ዘመን ያለፈ አንድ አዛውንት ተነሥቶ ከቆሸሸች ከረጢት ውስጥ 38 ዶላር ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈ። የዕድሜ ልኩ ቁጠባ ነበር። የልጅ ልጆቹ ልጆች ዕድል ሲያገኙ ማየት እንደሚፈልግ ተናገረ። የካታሎጉ ሚሊየነርና ይህ ሰው በአንድ የሒሳብ መዝገብ ላይ ጎን ለጎን ተጻፉ።

እስኪ ደግሞ ሌላውን ገጽ እንግለጠው። በ1913፣ የሎቻፖካ ትምህርት ቤት በተሠራበት ዓመት፣ የኢሊኖይ ምክር ቤት አጣሪ ኮሚቴ የቺካጎ ነጋዴዎችን ጠርቶ ስለ ሴት ሠራተኞች ደመወዝ ጠየቃቸው። ጥያቄው አሳፋሪ ነበር፦ በሳምንት ጥቂት ዶላር የምትከፍሏቸው ልጃገረዶች በችግር ወደ ሴተኛ አዳሪነት እየገቡ አይደለም ወይ? ሮዘንዋልድም ቀረበ። ደመወዝና ሴተኛ አዳሪነት እንደማይገናኙ ተከራከረ። ጋዜጦቹ አልማሩትም። እኔም አልምረውም። በአላባማ ላለ ልጅ ሳንቃ የሚቆጥር ሰው በራሱ ጣሪያ ሥር ያለችውን ጽሕፈት የምትሠራ ልጅ ደመወዝ በተመሳሳይ ዓይን አላየውም። ለፍትሕ ያህል ልጨምር፤ በ1916 ሲርስ ለሠራተኞቹ የትርፍ ክፍፍል ፈንድ አቋቋመ፤ ሠራተኛው ከደመወዙ 5 በመቶ ያስቀምጣል፣ ድርጅቱ ከተጣራ ትርፉ 5 በመቶ ይጨምራል። ብዙ ሠራተኞች በዚህ ገንዘብ ጡረታቸውን አሳምረዋል። የ1913ቱን ጥያቄ ግን አይሰርዘውም።

በ1915 ቡከር ዋሽንግተን ሞተ። ብዙ ባለአደራዎች መሥራቹ ሲሞት ቀስ ብለው ይርቃሉ። ሮዘንዋልድ ግን ጠነከረ፤ በ1917 በስሙ ፈንድ አቋቋመና የትምህርት ቤት ግንባታው ወደ ሌሎች ግዛቶች ተስፋፋ። ይሁን እንጂ መስፋፋቱ መዘዝ ይዞ መጣ። የሕንፃ ባለሙያ ተልኮ ሲያይ፣ አንዳንዱ ትምህርት ቤት ከፕላኑ ውጪ ተሠርቷል፣ መሠረቱ ደካማ ነው፣ ብርሃኑ አያስነብብም። የሒሳብ አያያዙም የተዝረከረከ ነው። እንግዲህ ምን ታደርጋላችሁ? ተስኬጊ የምትወዱት ቤት ነው፣ ባለአደራው ናችሁ፣ ሟቹ ወዳጃችሁ ነበር። ሮዘንዋልድ በ1920 ግንባታውን ከተስኬጊ ላይ አንሥቶ ቴነሲ፣ ናሽቪል ላይ ለተከፈተ ቢሮ ሰጠው። ተስኬጊዎች ተከፉ፤ ሥራው የእነሱ ልጅ ነበርና። ክፋቱ ደግሞ፣ በጥቁሮች እጅ የነበረው አመራር ወደ ነጮች እጅ ገባ። በሌላ በኩል ትምህርት ቤቶቹ በግልጽ ተሻሻሉ። ወጥ የሆነ ፕላን ወጣ፤ መብራት የለምና መስኮቶቹ ተደርድረው ከምሥራቅና ከምዕራብ ብርሃን እንዲያስገቡ ሆኑ። በዚህ ውሳኔ ላይ ሁለት ልብ ነኝ። የሕፃናቱ ዓይን ከቦርዱ ወዳጅነት ይቀድማል፤ ነገር ግን ቤቱን ማስተካከልና ቤቱን መቀማት አንድ አይደለም።

የሚገርመው ይህ ሁሉ ሲሆን የቀን ሥራው አላለቀም ነበር። ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ የእርሻ ምርት ዋጋ ወደቀ፤ ገበሬው ሲደኸይ ካታሎጉም ደረቀ። በ1921 ሲርስ ሊሰምጥ ደረሰ። ሮዘንዋልድ በዓመቱ መጨረሻ ላይ 5 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ የራሱን አክሲዮን ለድርጅቱ በስጦታ መለሰ፤ የቺካጎውን የድርጅቱን መሬትና ሕንፃም በ16 ሚሊዮን ገደማ ገዛው። ድርጅቱ ተረፈ። በ1924 ፕሬዚዳንትነቱን ለሌላ አስረክቦ የቦርድ ሊቀ መንበር ሆነ። ከዚህ ሌላ የቺካጎ አይሁድ የእርዳታ ድርጅቶችን መርቷል፣ የዩኒቨርሲቲው ባለአደራ ነበር፣ በ1919 ቺካጎ ውስጥ የዘር ግጭት ብዙ ሰው ከጨረሰ በኋላ ምክንያቱን ባጠናው ኮሚሽን ተቀምጧል። ቀኑ ለእሱም 24 ሰዓት ነበር። ሚስጥሩ፣ እኔ እንደማየው፣ ሁሉንም እኩል አልያዘም፤ ተስኬጊንና ትምህርት ቤቶቹን ከሌሎቹ አስበልጦ ያዘ።

ግንባታው በ1932 ሲቆም በ15 የደቡብ ግዛቶች 4,977 ትምህርት ቤቶች ተሠርተው ነበር። የመምህራን ቤቶችና የእጅ ሥራ ክፍሎች ሲጨመሩ 5,357 ሕንፃ ይሆናል። በ1928 ከደቡብ አምስት የገጠር የጥቁር ትምህርት ቤቶች አንዱ የእነዚህ ነበር። ጠቅላላ ወጪው ከ28 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው። ከዚህ የመንግሥት ግብር ወደ 18 ሚሊዮን ሸፈነ። ሮዘንዋልድ ወደ 4.3 ሚሊዮን ሰጠ። ጥቁሮቹ ራሳቸው ደግሞ ወደ 4.7 ሚሊዮን አዋጡ። አዎ፣ ድሆቹ ከሚሊየነሩ በለጡ።

ይኼ ቁጥር ሁለት ነገር ይናገራል። አንዱ የሚያኮራ ነው። ሌላው መራራ ነው፤ እነዚህ ሰዎች ግብር ከፍለዋል፣ ግብራቸው ለነጭ ልጆች ትምህርት ቤት ውሏል፣ ከዚያ ለራሳቸው ልጆች ደግመው ከፈሉ። ሮዘንዋልድ የዘር መለያየቱን ሕግ ፊት ለፊት አልተጋፋውም። በሕጉ ውስጥ ሆኖ ነው የሠራው። በዘመኑ የነበሩ የጥቁር ምሁራን በዚህ መንገድ ላይ ጠንከር ያለ ትችት ነበራቸው፤ ዱቦይስ የዋሽንግተን ዋና ተከራካሪ ነበር። ግን ያው ዱቦይስ በኋላ ለምርምሩ ከሮዘንዋልድ ፈንድ ድጋፍ አግኝቷል። ፈንዱ ለጸሐፊዎችና ለአርቲስቶች በሚሰጠው ድጋፍ ላንግስተን ሂዩዝ፣ ማሪያን አንደርሰን፣ ራልፍ ኤሊሰን፣ ጄምስ ባልድዊን፣ ጎርደን ፓርክስ ተጠቅመዋል። ከነዚህ አንዱን እንኳ የማታውቁ ከሆነ ስልኩ እጃችሁ ላይ ነው።

ተስኬጊ ከእኛም ጋር ይገናኛል። ጣሊያን ሊወረን ሲል በ1935 አዲስ አበባ መጥቶ የኢትዮጵያን አየር ኃይል የመራው ኮሎኔል ጆን ሮቢንሰን በ1920ዎቹ መጀመሪያ ተስኬጊ ውስጥ የመኪና መካኒክነት የተማረ ሰው ነው። ሮዘንዋልድ ባለአደራ በነበረባቸው ዓመታት ማለት ነው። ሮቢንሰን ከጦርነቱ በኋላ ተመልሶ መጥቶ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎችን አሠልጥኗል፤ በ1954 ከአውሮፕላን አደጋ በኋላ አዲስ አበባ ሞቶ እዚሁ ተቀብሯል። በ1941 ደግሞ የተስኬጊ ጥቁር አብራሪዎች የሚለማመዱበት ሜዳ ገንዘብ ሲያጣ፣ 175,000 ዶላር ያበደረው የሮዘንዋልድ ፈንድ ነው። በቦርዱ ላይ ከተቀመጡት አንዷ ኤሊኖር ሩዝቬልት ነበሩ።

ሮዘንዋልድ ይህን አላየም። በ1929 የአክሲዮን ገበያው ሲወድቅ ተበድረው አክሲዮን የገዙ የሲርስ ሠራተኞችን ዕዳ በራሱ ሀብት ዋስ ሆኖ አዳናቸው፤ የፈንዱ ሀብት ግን አብዛኛው የሲርስ አክሲዮን ስለነበር አብሮ ወረደ። በጥር 1932 በ69 ዓመቱ አረፈ።

ከመሞቱ በፊት አንድ ነገር ወስኖ ነበር። ፈንዱ እሱ ከሞተ በ25 ዓመት ውስጥ ገንዘቡን ጨርሶ፣ ዋናውን ጭምር፣ እንዲዘጋ። ሀብታሞች የዘላለም ፈንድ ትተው መሞት የሚወዱበት ዘመን ነበር፤ ዛሬም ነው። እሱ ግን የእያንዳንዱን ትውልድ ችግር ያ ትውልድ ያውቀዋል፣ የሞተ ሰው ከመቃብር ሆኖ ገንዘብ ማዘዝ የለበትም የሚል አቋም ነበረው። ቢሮው ራሱን ለማኖር ብቻ የሚኖር ድርጅት እንዳይሆንም ይፈራ ነበር። ስሙም እንዲለጠፍ ብዙ አይፈልግም። ቺካጎ ያለው ትልቁ የሳይንስና የኢንዱስትሪ ሙዚየም በእሱ ገንዘብ ሲነሣ በስሙ እንዳይጠራ አስቀርቶታል። ፈንዱ ዘጠኝ ዓመት ያህል ቀድሞ በ1948 ተዘጋ።

ትምህርት ቤቶቹም አብዛኞቹ የሉም። በ1954 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በትምህርት ቤት የዘር መለያየትን ከከለከለ በኋላ ቀስ በቀስ ተዘጉ፤ ፈረሱ፣ የድርቆሽ ማከማቻ ሆኑ፣ ጥቂቶቹ ታድሰው ቆመዋል። የእንደራሴው ጆን ሉዊስና የደራሲዋ ማያ አንጀሎ የልጅነት ትምህርት ቤቶች ከእነዚህ ውስጥ ነበሩ።

የትምህርት ቤቶቹ የመዝገብ ካርዶች ናሽቪል በሚገኘው ፊስክ ዩኒቨርሲቲ ተቀምጠዋል፤ በኢንተርኔትም ይፈለጋሉ። ለባንኳ ልጅም ይህንኑ ነው የላክሁላት። አንዱን መንደር መርጣችሁ ብትከፍቱ የሕንፃው ፎቶ፣ የመሬቱ ስፋት፣ ጠቅላላ ወጪው ይመጣላችኋል። ከሥሩ የአዋጪዎች ዝርዝር አለ፤ አራት መሥመር ነው። መጀመሪያ የተጻፈው የመንደሩ ጥቁሮች ያዋጡት ነው። ቀጥሎ የነጮቹ፣ ቀጥሎ የመንግሥት። ሮዘንዋልድ የሚለው መጨረሻው መሥመር ላይ ነው።